ቅጠሉ ለምን አልቀላም? ከእንቁጣጣሽ እስከ ጽጌ ማብቂያ ቀለም የማይለየው መናፈሻ ስለ መትከል

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሰፈራችን ሕዝባዊ መናፈሻ አስተዳደር ለማኅበራችን አንድ ጠርዝ መሬት እንድንከባከብ ፈቅዶልናል፤ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል፣ ወርዱ ደግሞ 6 ሜትር ሲሆን ዝቅ ያለው ጫፍ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራል። ከመሬቱ አጠገብ በመንገድ ዳር ያለው ሜፕል ካቻምና እንደ እሳት ቀልቶ ነበር፤ ዓምና ግን ቡናማ ሆኖ ረገፈ። አንዳንዱ ብርዱ ስለዘገየ ነው ይላል፤ ማዳበሪያ ብንሰጠው ይቀላል የሚልም አለ። እኛ ከእንቁጣጣሽ እስከ ጽጌ ማብቂያ ቀለም የማይጠፋበት ቦታ እንዲሆን እንፈልጋለን። ከአገር ቤት የአደይ አበባ ዘር ሊልኩልን የተዘጋጁ ቤተሰቦች አሉን። ሦስት ቀይ ሜፕሎችና አደይ አበባ ብንተክል ይበቃናል?»

ምላሽ፦ ሦስቱም ነገሮች እንደታሰቡት አይሄዱም። ቀይ ሜፕል ስለተባለ ብቻ በያመቱ የሚቀላ ዛፍ የለም፤ ማዳበሪያ ቅጠልን አያቀላም፤ የአደይ አበባ ዘርም ከአገር ቤት እንዲያው በፖስታ ወይም በሻንጣ የሚመጣ አይደለም። የተመኛችሁት ግን በእርግጥ የሚደረስበት ነው። ወርኃ ጽጌ የምንለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ እዚህ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 መሆኑ ነው፤ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የቅጠል ቀለም የሚደምቀውም በኦክቶበር ማለቂያና በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በዚያው በጽጌ ውስጥ ነው። ጊዜው ራሱ ስለተመቻቸላችሁ የቀረው የተክሉ ምርጫ ነው። ከዚህ በታች ወራቱን እዚህ አገር በሚጠሩበት ስም እጠቅሳለሁ።

ከብርዱ እንጀምር። ዛፉን በመጀመሪያ ለመርገፍ የሚያሰናዳው ብርዱ ሳይሆን የቀኑ ማጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ያደግን ሰዎች ይህን ጉዳይ ልብ አንለውም። ዋሽንግተን ላይ ግን የጁን ቀን ወደ 15 ሰዓት ሲጠጋ የዲሴምበሩ ከ9 ሰዓት ተኩል አያልፍም፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ እያንዳንዱ ቀን ከትናንቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ያጥራል። ዛፉ ይህን ይለካል። ቀኑ እያጠረ ሲመጣ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይሰበስባል፤ ለቅጠሉ አረንጓዴነት የሚሰጠውን ክሎሮፊልም እያፈረሰ በአዲስ መተካቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ቢጫው ይገለጣል። ቢጫው ካሮቲኖይድ የሚባል ቀለም ሲሆን ቅጠሉ ከወጣ ጀምሮ በውስጡ የነበረ፣ አረንጓዴው የሸፈነው ነው።

ቀዩ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቶሳያኒን የሚባለው ቀይ ቀለም በአብዛኞቹ ዛፎች ቅጠል ውስጥ አስቀድሞ አልነበረም፤ በዚያው በመፀው፣ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል፣ ከስኳርና ከብርሃን አዲስ ይሠራል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ቡሽ የመሰለ ንጣፍ ቀስ በቀስ እያደገ ቧንቧዎቹን ሲዘጋቸው በቀን የተሠራው ስኳር መውጫ አጥቶ በቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ቀኑ ጸሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ውርጭ ካልወደቀ፣ ያ ስኳር ወደ ቀይ ቀለም ይለወጣል። ቀናቱ ደመናማና ዝናባማ፣ ሌሊቶቹ ሞቃት ሲሆኑ ግን ቀዩ ይደበዝዛል። ስለዚህ «ብርዱ ዘገየ» ያሏችሁ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ የሚያስፈልገው የሌሊቱ ቅዝቃዜ እንጂ ውርጩ አይደለም። ብርቱ ውርጭ የቅጠሉን ሕዋሳት ስለሚገድል ቀለሙን አስጀማሪ ሳይሆን ጨራሽ ነው። ቢጫ የሚሆኑት ጊንኮ፣ ቱሊፕ ዛፍና ሂኮሪ በያመቱ ተመሳሳይ ሲሆኑ ቀዮቹ ከዓመት ዓመት የሚለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓምና በሰፈራችሁ ያለው ጊንኮ እንደ ወትሮው ወርቅ መስሎ ከነበረና ቀይ የሚሆኑት ዛፎች ሁሉ ከደበዘዙ ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ ነው። ሌሎቹ ቀልተው የእናንተው ሜፕል ብቻ ቡናማ ከሆነ ግን ችግሩ ከሥሩ ነው፤ በጥያቄያችሁ ላይ «ቡናማ ሆኖ ረገፈ» ማለታችሁም ወደዚህኛው ያደላል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በኦገስት መጨረሻ አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ በእጃችሁ መዳፍ ላይ ዘርጉት። መሀሉ አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ከደረቀ ሥሩ ለቅጠሉ በቂ ውሃ ማድረስ አልቻለም ማለት ነው፤ መንገድ ዳር ባሉ ሜፕሎች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው፤ አፈሩ በመኪናና በእግር ተጠቅጥቋል፣ አስፋልቱ ያግላል፣ በክረምት ለበረዶ የሚበተነው ጨውም ወደ ሥሩ ይወርዳል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን በኦገስት ቀድሞ ቢቀላም ደስ አይበላችሁ፤ ያ ውበት ሳይሆን ሕመም ነው። ከዚያ ተንበርክካችሁ የግንዱን ሥር ተመልከቱ። ጤነኛ ዛፍ አፈሩን በሚነካበት ቦታ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ይላል። ይህ ስፋት ካልታየና ግንዱ እንደ ተቸነከረ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ፣ ወይ ጠልቆ ተተክሏል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ተከምሮበታል። ክምሩን በእጃችሁ ገለል አድርጉት፤ ከሥሩ እርጥብና የጠቆረ ልጥ፣ አንዳንዴም ግንዱን እንደ ገመድ የተጠመጠመ ሥር ታገኛላችሁ። በሕዝብ መናፈሻዎች ውስጥ ይህን ያህል ብዙ ዛፍ የሚጎዳ፣ ይህን ያህልም በቀላሉ ሊቀር የሚችል ስሕተት አላየሁም። በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ጉዝጓዝን ከግንድ ጋር ማስጠጋት እንክብካቤ ይመስለዋል፤ ጉዝጓዝ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከአራት ጣት ሳይወፍር፣ ወደ ጎን ሰፍቶ መነጠፍ አለበት። የተጠመጠመውን ሥር ግን ራሳችሁ አትቁረጡት፤ ዛፉ የመናፈሻው አስተዳደር ስለሆነ አሳዩአቸውና ባለሙያቸው ይወስን።

ማዳበሪያውን ተዉት። በሰመር ማብቂያ የሚሰጥ ናይትሮጅን ዛፉ ሊሰበስብ በሚገባው ጊዜ ለምለም ቅጠል እንዲያወጣ ይገፋፋዋል፤ ያ ለምለም ቅጠል ሳይቀላ ውርጭ ይመታዋል። የተረፈው በዝናብ ታጥቦ በጅረቶቻችን በኩል ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይወርዳል፤ ሜሪላንድ የሣር ማዳበሪያን በሕግ የገደበችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ሜፕል የሚፈልገው በደረቅ ሰመር በሳምንት አንዴ በዝግታ የሚሰርግ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሜፕሎች እንምጣ። በዱር ከዘር የበቀሉ ቀይ ሜፕሎችን አስተውላችሁ ከሆነ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ ሌላው ቢጫ ብቻ ሆኖ ይረግፋል፤ «ቀይ» የተባለውም ስለ መፀው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ በማርች የሚወጡት ትንንሽ አበቦቹና የቅጠሉ አንገት ቀይ ስለሆኑም ነው። ቀለሙ የታወቀ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ከተመረጠ እናት ዛፍ የተባዛ፣ ስም ያለው ዝርያ መግዛት አለበት፤ ኦክቶበር ግሎሪ፣ ሬድ ሰንሴት፣ ወይም እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያና ምርምር መናፈሻ) ያወጣው ብራንዲዋይን አስተማማኝ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሲያድጉ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙና ወደ ጎን የሚሰፉ፣ ሥራቸውም በአፈሩ ገጽ ላይ የሚሄድ ዛፎች ናቸው። ወርዱ 6 ሜትር በሆነ መሬት ላይ ሦስቱን መትከል ከ15 ዓመት በኋላ አበባ የሚባል ነገር እንዳይኖራችሁ መወሰን ነው።

እኔ ለዚህ መሬት አንድም ሜፕል አልተክልም። አንድ ብላክ ገም፣ በሌላ ስሙ ቱፔሎ፣ ውሃ ከሚቋጥረው ጫፍ ላይ እተክላለሁ። ሳይንሳዊ ስሙ ኒሳ ሲልቫቲካ ሲሆን የዚሁ አገር በቀል ዛፍ ነው። እርጥብ አፈር አያስጨንቀውም፣ ቅጠሉ ከሜፕል ቀድሞ ይቀላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአየሩ ጠባይ በተበላሸበት ዓመት እንኳ ቀዩን የሚነፍገን እምብዛም ነው። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና አንጸባራቂ ስለሆነ ሲቀላ የሸክላ ቀለም ሳይሆን የበርበሬ ቀለም ይይዛል፤ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎች የሚለቅሙት ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ሊኖር ይችላል፤ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ዛፍ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው አዝጋሚነቱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ምንም ያደገ አይመስልም። ሁለተኛው ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ትልቁን ነቅሎ መትከል አስቸጋሪ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ዛፍ ለመግዛት ገንዘብ አታባክኑ። በዕቃ ውስጥ ያደገ፣ ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጥ ችግኝ ገዝታችሁ በኤፕሪል ትከሉት፤ ይህ ዛፍ በመፀው ሲተከል ክረምቱን ሳይሻገር የሚቀርበት ጊዜ አለና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰመሮች ዝናብ በሌለበት ሳምንት ሁሉ እስከ 20 ጋሎን ውሃ ይፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ ግንዱን ከቦ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ የውሃ ከረጢት በችግኝ መሸጫዎች ይገኛል። በተቻለ መጠን እናቶችና አባቶች ከሚቀመጡበት ወንበር በስተደቡብ ምዕራብ በኩል ይሁን፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ከቀትር በኋላ ጸሐይ ዝቅ ብላ ከዚያ አቅጣጫ ስለምትመጣ ብርሃኑ ቅጠሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቀይ ቅጠል ደግሞ ብርሃን ከፊቱ ሲወድቅበትና ከኋላው ሲያልፍበት አንድ አይደለም። የመናፈሻው መብራት ካለም ከእሱ አርቁት፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ቀኑ ያላጠረ ስለሚያስመስል ወደ መብራቱ ያለው ቅርንጫፍ ሌላው ረግፎ ሳለ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

ስለ ሁለት ተክሎች በግልጽ ላስጠንቅቅ፤ በኖቬምበር በሰፈራችሁ ስትዘዋወሩ እጅግ የሚማርኳችሁ እነሱ ናቸውና። አንደኛው ብራድፎርድ ፒር ነው። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በኩል ለሕዝብ የቀረበው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ከነበረው ጣቢያ ነው። በጸደይ ነጭ አበባ፣ በመፀው ሐምራዊና ቀይ ቅጠል ስላለው በየመንገዱ ተተከለ፤ ብቻውን ዘር አይሰጥም ተብሎ ነበር፤ ከሌሎች ዝርያዎቹ ጋር ሲዳቀል ግን ዘሩን ወፎች በየሜዳው በትነውት ዛሬ የአገሩን እጽዋት ገፍቶ የሚያጠፋ ወራሪ ሆኗል፤ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው በርኒንግ ቡሽ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲሆን ቀይነቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ እሱም በሜሪላንድ በወራሪነት ተመዝግቧል። ሰው በስጦታ ቢያመጣላችሁ እንኳ አትቀበሉ። በእነሱ ፈንታ በዛፉ አቅራቢያ ሄንሪስ ጋርኔት የሚባለውን የአይቲያ ዝርያ አምስት ያህል ትከሉ፤ ወገብ አካባቢ የሚደርስ ቁጥቋጦ ሆኖ ውሃ የሚቋጥር አፈር ይስማማዋል፣ ቅጠሉም ወይን ጠጅ መስሎ አንዳንዴ እስከ ኖቬምበር ማብቂያ ይቆያል። ረጅሙ ብሉቤሪ ቁጥቋጦም እንዲሁ ደምቆ ይቀላል፤ ፍሬውን ለልጆች በጁላይ፣ ቅጠሉን ለሁሉም በኦክቶበር ይሰጣል፤ አሲዳማ አፈር ስለሚፈልግ ግን አስቀድማችሁ አፈሩን አስመርምሩ።

የአደይ አበባው ነገር ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ለመዝራት የታሰበ ዘር ወደ አሜሪካ ሲገባ የእጽዋት ጤና ማረጋገጫ ወይም የግብርና ሚኒስቴሩ ለአነስተኛ የዘር መጠን የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በኢትዮጵያም በኩል አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። ቤተሰቦቻችሁ በደብዳቤ ውስጥ አንድ እፍኝ ቢልኩ እነሱንም እናንተንም ሕግ ተላላፊ ያደርጋል፤ መናፈሻው የሕዝብ በመሆኑ ደግሞ አስተዳደሩ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዘር በመሬቱ ላይ ሲያገኝ የሰጣችሁን ፈቃድ ሊያነሳ ይችላል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ አደይ በሰኔ ዝናብ በቅሎ፣ ክረምቱን በደጋው ጭጋግና ቅዝቃዜ አድጎ፣ መስከረም ላይ የሚፈነዳ ተክል ነው። የሜሪላንድ ጁላይና ኦገስት ሌሊቱ ጭምር የሚያፍን ነው፤ የቀኑ ርዝመትም አደይ ከለመደው ፈጽሞ የተለየ ነው። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ብዬ ቃል የምገባላችሁ አይደለም።

የሚያስደስተው ነገር የአደይ የቅርብ ዘመድ እዚሁ በቅሎ የሚጠብቃችሁ መሆኑ ነው። አደይ አበባ ቢደንስ ከሚባለው የእጽዋት ወገን ነው፤ የዚሁ ወገን የሆነችው ቢደንስ አሪስቶሳ በመካከለኛውና በምሥራቅ አሜሪካ አገር በቀል ናት። በሴፕቴምበር ወር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመንገድ ዳር ቦዮች፣ ያልታጨዱ እርጥብ ሜዳዎች በቢጫ ተጥለቅልቀው ስታዩ «አደይ!» ብላችሁ መኪና ያቆማችሁበት ጊዜ ይኖራል፤ ያ ስሕተት አልነበረም፤ እሷ ወይም እኅቷ ናት። በፓተክሰንት ወንዝ ረግረጎች ደግሞ ቢደንስ ሌቪስ የምትባለው በዚያው ወር ውሃውን ዳር እስከ ዳር ታለብሰዋለች። አንዷን አበባ ከቅርብ ብታዩ ስምንት ያህል ሰፋፊ የወርቅ ቅጠሎች፣ መሀሏ ጠቆር ያለ ቢጫ፣ አገዳዋ ቀጭን፣ ቅጠሏም የተበጣጠሰ ነው፤ በእቅፍ ቆርጠው ለደመራ ቢያመጡላችሁ ከአገር ቤቱ የሚለየው ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ስለምታብብ እንቁጣጣሽንም መስቀልንም ትደርስበታለች።

የአዘራሯን ነገር በጥንቃቄ ያዙ። ዓመታዊ ተክል ስለሆነች በዘር ብቻ ትመጣለች፤ ዘሯም የክረምት ቅዝቃዜ ካላለፈበት በደንብ አይበቅልም። ስለዚህ የሚዘራው በጸደይ ሳይሆን በኖቬምበር ማብቂያ ነው። ዘሩን ስትገዙ በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሟ «ቲክሲድ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በዚህ ስም በብዛት የሚሸጠው ኮሪዮፕሲስ የተባለው፣ በጁን የሚያብበው ሌላ አበባ ነውና፣ ለእንቁጣጣሽ ሲጠበቅ ያለፈበት ይሆናል። ሙሉ ሳይንሳዊ ስሟን ጠርታችሁ ከአገር በቀል ዘር ሻጭ ግዙ። ሌላው ጥንቃቄ፣ ዘሯ ጫፉ ላይ ሁለት ሾጣጣ ጥርሶች ስላሉት እንደ ጨጎጎት ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ የወገኑ ስም ቢደንስ የተባለውም በላቲን «ሁለት ጥርስ» ለማለት ነው። በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አትዝሯት፤ ቁመቷ እስከ ሰው ደረት ስለሚደርስ ከኋላ ትሁን። እንደተመቻት ደግሞ በያመቱ በራሷ እየዘራች ቦታ ትይዛለች፤ በሜይ ወር ከተመደበላት ቦታ ያለፈውን ችግኝ ያለ ርኅራኄ ንቀሉ።

ቢጫው ከኋላ ሲሆን ከፊቱ ሐምራዊ ያስፈልጋል፤ የቢጫ ድምቀት የሚገለጠው ሐምራዊ ሲጎራበተው ነው። ለዚህ ከአስተሮች ሁሉ የምመርጠው አሮማቲክ አስተር የሚባለውን፣ በተለይ ሬይደንስ ፌቨሪት ወይም ኦክቶበር ስካይስ የተሰኙትን ዝርያዎች ነው። ድንክ ቁጥቋጦ መስሎ በኦክቶበር ሙሉ በሙሉ በሰማያዊ ሐምራዊ አበባ ይሸፈናል፤ ሌላው አበባ ባለቀበት ጊዜ ንቦችና ቢራቢሮዎች የሚሰበሰቡት እሱ ላይ ነው። በጁን አጋማሽ ቁመቱን በሲሶ ከቆረጣችሁት አይጋደምም። ፋየርዎርክስ የሚባለው የጎልደንሮድ ዝርያም መሀሉን ይሙላ። በማኅበሩ ውስጥ «ጎልደንሮድ ያስነጥሰኛል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥፋተኛው ግን በዚያው ወቅት አረንጓዴ፣ ዓይን የማይስብ አበባ የሚያወጣው ራግዊድ ነው። የራግዊድ ብናኝ በነፋስ ይበራል፤ የጎልደንሮድ ብናኝ ግን ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ የሚጓጓዘው በነፍሳት እግር ነው።

በሴፕቴምበር በየሱፐርማርኬቱ ደጃፍ የሚደረደረውን ክሪሳንተመም ለዓመታት የሚኖር አድርጋችሁ አትቁጠሩት። አብቦ የተገዛ፣ በመፀው የተተከለ ክሪሳንተመም ሥር ሳይሰድ ክረምቱ ስለሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ለአንድ በዓል ማስጌጫነት ይሁን እንጂ የመሬቱ መሠረት አይሁን። ይልቅ ለጽጌ ማብቂያ ዊች ሄዝል የሚባለውን አገር በቀል ቁጥቋጦ አንድ ትከሉ። ቅጠሉ ወርቅ መስሎ በሚረግፍበት በዚያው በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ተቆራረጠ የቢጫ ሐር ክር የመሰሉ አበቦች ያወጣል፤ ውርጭ ሲመጣ ይጠቀለላሉ፣ ሲሞቅ ደግሞ ይዘረጋሉ። ከግድግዳ ወይም ከአጥር የተጠለለ ቦታ ካላችሁ አንድ በመፀው የሚያብብ ካሜሊያ መጨመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ በነበሩ ሁለት ጽኑ ክረምቶች በብሔራዊ አርቦሬተም የነበሩት ካሜሊያዎች አብዛኞቹ ሲሞቱ፣ ተመራማሪው ዊልያም አከርማን ከብርዱ የተረፈውን ካሜሊያ ኦሊፌራ ከሌሎች ጋር እያዳቀለ «ዊንተርስ» በሚል ስም የሚጀምሩትን ብርድ ቻይ ዝርያዎች አወጣ፤ በዚህ አካባቢ ክረምት ላይ እምነት የሚጣልባቸው እነዚያ ናቸው።

ወሰኑንም ማወቅ ይገባል። እጅግ በተሳካው ዓመት እንኳ የአንድ ዛፍ ድምቀት ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም፤ አንድ ሌሊት የሚጥል ዝናብና ነፋስ ሁሉን ሊያረግፈው ይችላል። ብዙ ዓይነት ተክል በተራ ያዘዝኩላችሁ ለዚህ ነው፤ በአንድ ዛፍ ላይ የተጣለ ተስፋ በአንድ ማዕበል ይወድቃል። ትልቁ ጠላታችሁ ግን አጋዘን ነው። ሽታ ያለውን አሮማቲክ አስተር ብዙ ጊዜ ይተወዋል፤ አይቲያውንና ብሉቤሪውን ግን ይቀነጥባል፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ደግሞ ወንዱ አጋዘን ቀንዱን በለጋ ግንድ ላይ እየፈተገ ልጡን ይገፋል፤ ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ አይድንም። ብላክ ገሙ በተተከለ ዕለት በሽቦ መረብ ይከበብ፤ ከሴፕቴምበር በፊት እናደርገዋለን ብላችሁ እንዳትቆዩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሦስቱን ሜፕሎች ሰርዙ፣ የአደይ ዘሩን አታስልኩ፣ መጀመሪያ የመሬቱን ንድፍና የተክሎቹን ዝርዝር ለመናፈሻው አስተዳደር በጽሑፍ አቅርባችሁ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከመሬቱ ሥር የውሃ ወይም የመብራት መስመር ሊኖር ስለሚችል ያለ እነሱ ፈቃድ አንድም ጉድጓድ አይቆፈር። በኦክቶበር ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ከእናንተ ብዙ የማይርቀውን፣ ዊተን ያለውን ብሩክሳይድ ጋርደንስ፣ ቀጥሎም ብሔራዊ አርቦሬተምን ዞራችሁ እዩ፤ የዝርያዎቹን ስም ከየተክሉ ምልክት ላይ ጻፉ፣ ቀለሙን በካታሎግ ፎቶ ሳይሆን በዓይናችሁ አይታችሁ ምረጡ። አስተሩ፣ ጎልደንሮዱና ቁጥቋጦዎቹ በኤፕሪል ከብላክ ገሙ ጋር አብረው ይተከሉ። የቢደንሷ ቦታ ብቻ ግን እስከዚያ አይቆይ። በኖቬምበር ማብቂያ ከዛፉ ቦታ በስተኋላ ያለውን ሣር ገፍፋችሁ አፈሩን በመቧጠጫ ጫር ጫር አድርጉት፤ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቃችሁ በትኑት፤ አፈር ሳታለብሱት በእግራችሁ ረግጣችሁ ተዉት፤ ውሃም አታጠጡት።